ሙያ በልብ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ጠጅ ቤት ጋበዘኝ። ብርሌዬን አንገቷን ይዤ ወደ አምፖሉ አነሣኋትና ትኩር ብዬ ማየት ጀመርኩ። ወዳጄ ደነገጠ።

«ምን ገባባት? ዝንብ ነው?»

«የለም፤ ማን ሠራት እያልኩ ነው።»

«ፋብሪካ ነዋ! ሌላ ማን ይሠራታል?»

እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ቅርጿን ያወጣው ግን ፋብሪካ አይደለም። የቀለጠ ብርጭቆ በብረት ቧንቧ ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ በሌላኛው ጫፍ እፍ ብትሉበት በመጀመሪያ የሚወጣው ቅርጽ የብርሌ ቅርጽ ነው። ሆዷ የሰው ትንፋሽ ነው፤ አንገቷ ደግሞ ትንፋሹ የገባበት መንገድ ነው። ጠጃችንን ስንጠጣ የኖርነው ከትንፋሽ ቅርጽ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ይህን የምለው ሰሞኑን ስለ ብርጭቆ ነፊዎች ሳነብ ስለ ከረምኩ ነው። ባነበብኩ ቁጥር ደግሞ በልጅነቴ የማውቃቸው አንድ ሰው ትዝ እያሉኝ ተቸገርኩ። እኚህ ሰው ብርጭቆ ነፊ አልነበሩም። ለምን ትዝ እንዳሉኝ ወደ ኋላ አጫውታችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ብርጭቆው ላውጋችሁ። (ከምኒልክ አዋጅ በቀር ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ብርጭቆ ድሮ የነገሥታትና የባለጸጎች ዕቃ ነበር። አንዲት የሽቶ ብልቃጥ ለመሥራት የቀለጠውን ብርጭቆ በጭቃ አምሳል ላይ መጠቅለል፣ ሲቀዘቅዝም ጭቃውን ከውስጥ ፍቆ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት ላይ ግን በሶርያና በፍልስጥኤም አካባቢ ሰዎች ቧንቧ ይዘው እፍ ማለት ጀመሩ። ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሥራ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆነ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ በሮም ግዛት ተራው ሰው ሳይቀር በብርጭቆ ይጠጣ ገባ። ከዚያው አካባቢ የተነሣ ኤንዮን የሚባል ባለሙያ ደግሞ በሚሠራው ዕቃ ላይ በግሪክኛ «ኤንዮን ሠራኝ» የሚል ጽሑፍ ያወጣ ነበር። ልብ በሉ፤ የእጅ ባለሙያ በስሙ ኮርቶ ስሙን በዕቃው ላይ ሲጽፍ ነው።

እኛስ የት ነበርን? ገበያው ላይ ነበርን። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም አገር ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል ብዙ ዓይነት የብርጭቆ ሥራዎችን ይጠቅሳል። በአክሱም መቃብሮች ውስጥም የብርጭቆ ዋንጫዎች ተገኝተዋል። ስለዚህ ብርጭቆ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብን ሠሪው ነው።

አሁን ወደ ሙራኖ እንሂድ። ሙራኖ ከቬኒስ ከተማ አጠገብ ያለች፣ በድልድይ የተያያዙ ትናንሽ ደሴቶች ያሏት ቦታ ናት። በ1291 የቬኒስ መንግሥት የብርጭቆ ምድጃዎች ከከተማው ወጥተው ወደ ሙራኖ እንዲሄዱ አዘዘ። ሰበቡ እሳት ነው፤ ከተማው እንዳይቃጠል። በዚያውም ግን መንግሥት አንድ ነገር አተረፈ። ባለሙያዎቹ ሁሉ በአንድ ደሴት ላይ ተሰበሰቡለት። በውኃ የተከበበን ሰው መጠበቅ ቀላል ነው።

ቬኒስ ብርጭቆ ነፊዎቿን እንዴት አድርጋ እንደያዘቻቸው ሳነብ መቅናትም ማዘንም አማረኝ። በ1605 የሙራኖ ነባር ቤተሰቦች ስማቸው «የወርቅ መጽሐፍ» በተባለ መዝገብ ላይ ሰፈረ። የብርጭቆ ነፊ ልጅ የመኳንንት ልጅ ብታገባ ልጆቻቸው መኳንንትነታቸውን አያጡም ነበር። እስቲ በእኛ አገር የአንጥረኛ ልጅ ለባላባት ልጅ ስትታጭ አስቡት! ክብሩ ይህን ያህል ነበር። ከክብሩ ጋር ግን ሰንሰለት ነበረው። ብርጭቆ ነፊ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት አይችልም። ከወጣና ሙያውን ለባዕድ ካስተማረ በቤተሰቡም በራሱም ላይ ቅጣት ይመጣል። በ1665 የፈረንሣዩ ሉዊ 14ኛ ሰዎች የሙራኖን የመስታወት ባለሙያዎች በገንዘብ አባብለው ወደ ፓሪስ አስኮበለሏቸው። ቬኒስ እንዲመለሱ ለመነች፣ አስፈራራች። ከኮብላዮቹ አንዳንዶቹ በድንገት ሞቱ፤ ተመርዘው ነው የሚል ወሬም ተወራ። ምስጢሩ ግን ወጥቶ ነበር። በ1684 የተጠናቀቀው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት የመስታወት አዳራሽ 357 መስታወቶች የተደረደሩበት ነው። በፈረንሣይ የተሠሩ!

መቶ ዓመት ተቆጠረ። በ1797 ናፖሊዮን መጥቶ የቬኒስን መንግሥት አፈረሰ። ብዙ ሳይቆይ የባለሙያዎቹ ማኅበርም ፈረሰ። ምድጃዎች ጠፉ፤ ሠራተኛው ተበተነ። ያን ጊዜ ነው የምስጢር ዋጋው የታወቀው። ብዙው የድሮ ጥበብ በሰው ልብ ውስጥ ነበርና ከሰው ጋር ተቀበረ። ቆይተው ጥቂት አስተዋይ ሰዎች ተነሡ። ቪንቼንዞ ዛኔቲ የሚባሉ ቄስ በ1861 በሙራኖ ሙዚየም ከፈቱ፤ ለወጣት ሠራተኞችም ትምህርት ቤት ተከፈተ። የሚያሳያቸው አባት የሞተባቸው ልጆች የአያቶቻቸውን ሥራ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እያዩ እንደገና «ይህ እንዴት ተሠራ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

ከዚህች ደሴት በ1934 ሊኖ ታልያፒዬትራ ተወለደ። በሰኔ 1946፣ ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ፣ ገና 12 ዓመት ሳይሞላው ብርጭቆ ቤት ገባ። የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር ትላላችሁ? ውኃ ማመላለስ። እሳት ፊት የሚውል ሰው ይጠማዋል፤ ልጁም ውኃ ያቀብላል። ብርጭቆውን እንዳይነካ። ሁለት ዓመት ሲሞላው በአንዲት ዕቃ ጎን ላይ የጌጥ መስመር እንዲለጥፍ ተፈቀደለት። ያቺን ብቻ።

«ሁለት ዓመት ውኃ ማመላለስ ምን ያስተምራል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቆሎ ተማሪ የነበረ አባት ያለው ግን አይጠይቀኝም። ለየኔታ እንጨት የለቀመ፣ ውኃ የቀዳ፣ ቅጠል የበጠሰ ልጅ ዜማውን የሚሰማው በዚያ መሐል ነው። ውኃ የሚያመላልስ ልጅም ሁሉ ቤት ይደርሳል። ማን እንዴት እንደሚቆም፣ ማን መቼ ከምድጃው እንደሚያወጣ፣ ማን ሲቸኩል ምን እንደሚሰበርበት ያያል። እጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ሁለት ዓመት ሠርቷል።

ሥራው ደግሞ እንዲህ ነው። አሸዋ፣ ሶዳና ኖራ ተቀላቅሎ በ1,400 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ ያድራል። ጠዋት ወደ 1,100 ዲግሪ ይወርድና ሥራ ይጀመራል። ባለሙያው አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የብረት ቧንቧ ምድጃው ውስጥ ይነክርና ማር በእንጨት እንደሚጠቀለል አድርጎ ብርጭቆውን ይጠቀልላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕቃው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ሕግ አለ፤ ማዞር። ሲሄድም ማዞር፣ ሲቀመጥም ማዞር፣ ሲያሞቀውም ማዞር። ለአፍታ ካቆመ ብርጭቆው ወደ ምድር ያዘነብላል፤ ከቆየም መሬት ይወርዳል። ምድር ሁልጊዜ እየጠራችው ነው፤ የባለሙያው እጅ ደግሞ «ቆይ» እያለው ነው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። «ብርጭቆ ነፊ» ሲባል የሚነፋው ዋናው ባለሙያ ይመስለኝ ነበር። ሙራኖ ውስጥ ግን ማኤስትሮው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ቧንቧውን ያዞራል፣ ብርጭቆውን በመቆንጠጫ ይቀርጻል። ማዶ ጫፍ ላይ አፉን ደግኖ እፍ የሚለው ረዳቱ ነው። «በለው» ሲለው ይነፋል፤ ሲበቃው ያቆማል። ከረዳቱ በታች ሌላ ረዳት፣ ከእሱ በታች ደግሞ ልጁ አለ። ይህን ቡድን ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ? ፒያሳ! አዎ፣ እንደኛው ፒያሳ። አንዱ ሌላውን ጠብቆ ካልሠራ ዕቃው አይወጣም። እናም ማኤስትሮው ቢፈልግ እንኳ ሙያውን ብቻውን መደበቅ አይችልም። ሊሠራ ከፈለገ ልጁ ፊት ነው የሚሠራው።

ዕቃው ሲያልቅስ? ወዲያው ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። 500 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ሌላ ምድጃ ውስጥ ገብቶ በብዙ ሰዓት፣ ትልቅ ከሆነም በብዙ ቀን፣ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። ውጭው ቀድሞ ደርቆ ውስጡ ከዘገየ ሁለቱ ይጣላሉ። ለዓይን ደህና መስሎ ቆይቶ አንድ ቀን ማንም ሳይነካው ጧ ይላል። አባቶቻችን «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ሲሉ የነቃችውን ብርሌ እንጂ ለምን እንደ ነቃች አልነገሩንም። አንዱ ምክንያት ይኸውላችሁ፤ ችኮላ ነው።

ሊኖ በ21 ዓመቱ ማኤስትሮ ተባለ። ትምህርት ቤት ብዙ ባይቀመጥም የደሴቱን የድሮ ሥራዎች ታሪክ በራሱ አጠና። በተለያዩ የሙራኖ ብርጭቆ ቤቶችም አያሌ ዓመታት ሠራ።

በዚህ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። እስከዚያ ድረስ ብርጭቆ የፋብሪካ ሥራ እንጂ አንድ ሠዓሊ በግሉ የሚሠራው አልነበረም። በ1962 ሃርቪ ሊትልተን የሚባል መምህር በኦሃዮ፣ በቶሌዶ ከተማ ሙዚየም ግቢ ትንሽ ምድጃ አቁሞ አንድ ሰው በራሱ መሥራት እንደሚችል ለማሳየት ሞከረ። ወጣቶቹ ድፍረት ነበራቸው፤ ሙያ ግን አልነበራቸውም። ከእነሱ አንዱ ዴል ቺሁሊ በ1968 ወደ ሙራኖ ሄዶ ቬኒኒ ብርጭቆ ቤት ገባ። እዚያም ፒያሳው ሲሠራ አየ። አገሩ ተመልሶ በ1971 ከአጋሮቹ ጋር በዋሽንግተን ግዛት ጫካ ውስጥ ፒልቸክ የሚባል ትምህርት ቤት መሠረተ። ኋላ በ1976 በመኪና አደጋ አንድ ዓይኑ ጠፋ፤ ከዚያም ትከሻው ተጎዳና ቧንቧ መያዝ ተወ። ግን ፒያሳን አይቶ ነበርና ሌሎች እየነፉ እሱ እየመራ ሥራውን ቀጠለ። አንዱ ሲጎዳ ሙያው የማይቆመው በብዙ እጅ ላይ ሲሆን ነው።

ፒልቸክ ከሙራኖ መምህር ይፈልግ ነበር። በ1978 ኬኮ ኦንጋሮ የተባለ ማኤስትሮ ሄደ። በዓመቱ ግን መመለስ አልፈለገምና የእኅቱን ባል ላከ። ያ ሰው ሊኖ ነው። በ1979 የ45 ዓመቱ ማኤስትሮ አሜሪካ ገብቶ ደሴቲቱ 700 ዓመት ገደማ የደበቀችውን ሁሉ ፊታቸው ላይ ሠራው። ክሩ እንዴት እንደሚጠመዘዝ፣ ሁለት ቀለም እንዴት እንደሚጋጠም፣ አንገት እንዴት እንደሚጠብ። የጠየቁትን አሳየ፤ ያልጠየቁትንም አሳየ።

አገሩ ላይ «ከሃዲ» አላሉትም አይባልም። የአያቶቻችንን እንጀራ ለባዕድ ሸጠ ተባለ። ሰዎቹ ልክ አልነበሩም ለማለት አልደፍርም። የሙያ ምስጢር እኮ የድሀ ርስት ነው። መሬት የሌለው ሰው ለልጁ የሚያወርሰው እሱን ብቻ ነው። በርካሽ ያስመሰሉት ዕቃዎች ገበያውን ሲያጥለቀልቁ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሊኖ ያየው ሌላ ነው። በሙራኖ ውኃ የሚያመላልስ ልጅ እየጠፋ ነበር። የሚማረው የጠፋ ምስጢር ለማን ይጠበቃል? ደግሞም ሰጥቶ ባዶውን አልተመለሰም። አሜሪካኖቹ የማይሞከረውን ሲሞክሩ አይቶ ድፍረት ተማረ። ዕድሜውን ለፋብሪካ ሲሠራ የኖረ ሰው ከ1990 ገደማ ወዲህ በራሱ ስም መሥራት ጀመረ፤ ሥራዎቹም በትልልቅ ሙዚየሞች ተቀመጡ። ዛሬ የሙራኖን አሠራር የሚያውቅ ሰው በብዙ አገር አለ። የደሴቲቱም ስም አብሮ ይነሣል። ምስጢሩ ሲወጣ ስሙ አልጠፋም፤ ሰፋ እንጂ።

አሁን ወደ እኚያ ሰው ልመለስ።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር አንድ ብር አንጥረኛ ነበሩ። ልጆች «አባባ» እንላቸዋለን። በራፋቸው ላይ ቁጢጥ ብለን ስንመለከታቸው እንውላለን። ቀጭን ቱቦ አፋቸው ላይ አድርገው እሳቱን እፍ ሲሉት ነበልባሉ እንደ መርፌ ይሾልና የመስቀሏን ጫፍ ይነካታል። ሁሉን ያሳዩናል። አንድ ነገር ሲደርስ ግን፣ የብየዳውን ቅይጥ ሲያዘጋጁ፣ ዞር ብለው ጀርባቸውን ይሰጡናል። ትልልቆቹ «እሳቸው እኮ ሙያቸውን ለልጃቸውም አያሳዩ! ንፉግ ናቸው» ይሉ ነበር። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ነበር የማስበው።

ሊኖን ሳነብ ግን ረስቼው የኖርኩት አንድ ቀን መጣብኝ። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሌሎቹ ልጆች ኳስ ሊጫወቱ ሄደው እኔ ብቻ ቀረሁ። «አንተ ልጅ፣ መቀመጥ ትችላለህ። እጅህን እስቲ አሳየኝ» አሉኝ። ጣቶቼን አገላብጠው አዩና «ክረምቱን እኔ ጋ ና። ከሰል ታቀብለኛለህ፤ ኋላ ሁሉንም አሳይሃለሁ» አሉ። እየበረርኩ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። «ልጄን ቡዳ ሊያደርገው ነው? ከዛሬ ጀምሮ በዚያ በር እንዳታልፍ!» አለች። አላለፍኩም። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሰፈሩ የሚለውን ነው ያለችው። የገዛ አንገቷ ላይ ያለችውን የብር መስቀል ግን የሠሯት እኚያው ሰው ነበሩ።

እሳቸው ሲሞቱ ልጆቻቸው መዶሻውንም፣ ቱቦውንም፣ መቆንጠጫውንም ለቆራሌው ሸጡት። በኪሎ። ልጆቻቸውንም አልፈርድባቸውም። አባታቸው በሙያው ሲሰደብ እያዩ ነው ያደጉት።

ታሪካችንን ሳየው ነገሩ የሰፈሬ ብቻ አይደለም። የዐፄ ዳዊት መልክተኛ በ1402 እዚያችው ቬኒስ ደርሶ የእጅ ባለሙያዎች ይዞ ተመልሷል። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በ1480 ገደማ አገራችን መጥቶ ከ40 ዓመት በላይ ሲሥል ኖሯል። ዐፄ ልብነ ድንግል ለፖርቱጋል ንጉሥ በጻፏቸው ደብዳቤዎች ባለሙያ ይላክልኝ ብለዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያንን ሁሉ መድፍ ያስቀለጡት በውጭ ሰዎች ነው። ነገሥታቱ ባለ እጅን ከባሕር ማዶ ሲለምኑ፣ እዚህ ያለውን ባለ እጅ አገሩ «ቡዳ፣ ቀጥቃጭ፣ ጠይብ» እያለ ያሸማቅቀው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ማውጣታቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። ስድብን በአዋጅ መከልከል ይቻላል። እናት ልጇን ከአንጥረኛ ደጅ ስትጎትት ግን አዋጅ አይደርስም።

«ሙያ በልብ ነው» እንላለን። አትፎክር፣ ሠርተህ አሳይ ማለታችን ነው፤ ጥሩ አባባል ነው። እኛ አገር ግን ቃል በቃል ሆነ። ሙያው ልብ ውስጥ ገባና ከልቡ ጋር ተቀበረ። ቬኒስ ባለሙያዋን አክብራ አሰረችው፤ እኛ ሰድበን አባረርነው። እነሱ ግን የሚለምን ልጅ ሲያጡ እንኳ ሌላ አገር ሄዶ የሚያስተምር ሰው ተገኘላቸው። የእኔ አንጥረኛ ጀርባቸውን የሰጡት ለሚያልፍ አግዳሚ ነበር። ለሚቀመጥ ልጅ ፊታቸውን አዙረው ነበር። ያን ልጅ የወሰድንባቸው እኛ ነን።

«ጠጁ ሞቀ እኮ፤ ምን ሆነሃል?» አለኝ ወዳጄ።

ብርሌዋን ቀስ ብዬ አስቀመጥኳት። አጠገባችሁ ሽማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ፣ አንጥረኛ ካለ ልጆቻችሁ ደጁ ላይ ቁጢጥ ሲሉ አትጥሯቸው። «ውኃ አቀብለው» በሏቸው።